«መትከል የለባቸውም» ሲባል ምን ማለት ነው? ስለ ግዴታ፣ ፈቃድና ክልከላ ሎጂክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የእድር መተዳደሪያ፣ የኪራይ ውል፣ የመሥሪያ ቤት መመሪያ፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ። ሁሉም «አለበት»፣ «ይችላል»፣ «የተከለከለ ነው» በሚሉ ቃላት የተሞሉ ናቸው። እነዚህ ቃላት እርስ በርስ እንዴት እንደሚያያዙ የሚያጠና የሎጂክ ዘርፍ አለ። ዲኦንቲክ ሎጂክ ይባላል። ስሙ የመጣው «ተገቢ፣ ግድ የሚል» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። እኔ እዚህ «የግዴታ ሎጂክ» እለዋለሁ። ስለዚህ ነገር ባወራሁ ቁጥር ከሰው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። በአንድ ቦታ ልመልሳቸው።

ከተለመደው ሎጂክ በምን ይለያል?

የተለመደው ሎጂክ ስለሆነው ነገር ያወራል። የግዴታ ሎጂክ ስለሚገባው ነገር ያወራል። «ነገ ይዘንባል» ያለ ሰው ዝናቡ ከቀረ ተሳስቷል። «ተበዳሪ ዕዳውን መክፈል አለበት» ያለ ሰው ግን ተበዳሪው ባይከፍልም አልተሳሳተም። ደንቡ ተጣሰ እንጂ ውሸት አልሆነም።

ይህን ልዩነት ጠብቆ መሄድ ለባለሙያም ከባድ ነበር። ኦስትሪያዊው ፈላስፋ ኤርንስት ማሊ እ.ኤ.አ. በ1926 የግዴታን ሎጂክ በቀመር ለመጻፍ ሞከረ። ድፍረት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ከእሱ በፊት በዚህ መልክ የሞከረው አልነበረም። ችግሩ የመጣው ከመነሻ ሕጎቹ ተነስቶ ስሌቱን እስከ ዳር ሲገፉት ነው። መሆን ያለበት ነገር ሁሉ ሆኗል፤ የሆነውም ሁሉ መሆን ያለበት ነው የሚል ውጤት ይወጣል። በዚህ ስሌት መሠረት በዓለም ላይ ጥፋት የሚባል ነገር የለም። የሒሳብ ሊቁ ካርል ሜንገር እ.ኤ.አ. በ1939 ይህንን በግልጽ አሳየ፤ የማሊም ሥርዓት እዚያው ቀረ።

ታዲያ በትክክል ማን ጀመረው? ሦስቱ ቃላትስ እንዴት ይያያዛሉ?

ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ፊንላንዳዊውን ፈላስፋ ጌኦርግ ሄንሪክ ፎን ቭሪክትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ሄልሲንኪ ተወለደ። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ላይ የታዋቂውን ፈላስፋ የሉድቪግ ዊትገንስታይንን የፕሮፌሰርነት ወንበር የተረከበው እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 «ማይንድ» በተባለው መጽሔት ያወጣው አጭር ጽሑፍ ለዘርፉ ስሙንም መልኩንም ሰጠው።

ያየው ነገር በጣም ቀላል ነው። «ሁሉም»፣ «አንዳንድ» እና «ምንም» የሚሉት ቃላት የሚያያዙበት መንገድ አለ። «የግድ ነው»፣ «ሊሆን ይችላል» እና «ሊሆን አይችልም» የሚሉትም በዚያው መንገድ ይያያዛሉ። ግዴታ፣ ፈቃድና ክልከላም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ከያዝን ሌሎቹ «አይደለም» በምትል ቃል ብቻ ከእሱ ይወጣሉ።

ግ(ሀ) ብለን ስንጽፍ «ሀን ማድረግ ግዴታ ነው» እንበል። ክልከላ ማለት ያው አለማድረግን ግዴታ ማድረግ ነው። ስለዚህ ክ(ሀ) ከ ግ(ሀን አለማድረግ) ጋር አንድ ነው። ፈቃድ ደግሞ ክልከላ አለመኖሩ ነው። ፈ(ሀ) ማለት «ሀን አለማድረግ ግዴታ አይደለም» ማለት ነው። ፎን ቭሪክት አንድ ተጨማሪ መርህ አስገባ፦ አንድን ነገር ማድረግም አለማድረግም ባንድ ላይ ሊከለከል አይችልም። አንዱ በር መከፈት አለበት።

ሐሳቡ ከዚያ በፊትም ብልጭ ብሎ ነበር። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትስ እ.ኤ.አ. በ1671 አካባቢ በጻፈው ማስታወሻ፣ የተፈቀደ ማለት ለደግ ሰው የሚቻለው ነገር ነው፤ ግዴታ ማለት ደግሞ ለደግ ሰው የግድ የሆነው ነገር ነው ይላል። የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ደግሞ ከእሱም ብዙ ዘመን ቀድመው የሰውን ሥራ በአምስት ከፍለውታል፦ ፈርድ (ግዴታ)፣ ሱና (ቢደረግ የሚመሰገን)፣ ሙባሕ (ቢደረግም ቢቀርም እኩል የሆነ)፣ መክሩህ (ቢቀር የሚሻል)፣ ሐራም (ክልክል)። ይህን ክፍፍል የሚያውቅ አንባቢ የሦስቱን ቃላት ሎጂክ ሲያይ ወዲያው አንድ ነገር ይጎድለዋል። ቢያደርጉት የሚመሰገኑበት፣ ቢተዉት ግን የማይቀጡበት ሥራ የት ገባ? ጥያቄው ትክክለኛ ነው። የፎን ቭሪክት ሎጂክ ለሱናና ለመክሩህ ቦታ የለውም። ለሱ ሎጂክ ሁለቱም ከሙባሕ ጋር «የተፈቀደ» ተብለው በአንድ ከረጢት ይገባሉ። በኋላ የመጡ ሰዎች ቦታ ሊያበጁላቸው ሞክረዋል።

«የለበትም» የሚለው ቃል ለምን እንዲህ ያከራክራል?

እኔን ወደዚህ ትምህርት የሳበኝ ይህ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

በአንድ የሠፈር እድር ደንብ ውስጥ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው አባላት ድንኳን መትከል የለባቸውም።» ያወጡት ሰዎች ሐሳባቸው ደግ ነበር። አዛውንቶችን እናሳርፍ ብለው ነው። አንድ ቀን አንድ አባት የቅርብ ጎረቤታቸው ሞቶ ድንኳን ሊተክሉ እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ። ከወጣቶቹ አንዱ «አባባ፣ ደንቡ ይከለክላል» አላቸው። ሰውዬው ሆድ ባሳቸው። «ለወዳጄ እጄን እንዳላነሳ ተከለከልኩ?» አሉ። ልጁም ክፉ አልነበረም። የተጻፈውን ነው ያነበበው።

ጥፋቱ የ«አይደለም» ቦታ ላይ ነው። ግዴታ ያለበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ «አይደለም» ሁለት ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። ከግዴታው ውጭ ከተቀመጠ «መትከል ግዴታቸው አይደለም» ይሆናል። ከግዴታው ውስጥ ከተቀመጠ «አለመትከል ግዴታቸው ነው» ይሆናል። የመጀመሪያው ዕረፍት ነው፤ ሁለተኛው እገዳ ነው። በቀመር ሲጻፉ በፍጹም አይምታቱም። አማርኛው «መትከል የለባቸውም» ግን ሁለቱንም ይሸከማል። አብዛኛውን ጊዜ ጆሯችን እገዳውን ቀድሞ ይሰማል፤ እንደ ነገሩ ሁኔታ ግን ዕረፍቱንም ይሰማል።

ከሃይማኖት ሕግ አንድ ጥርት ያለ ምሳሌ ልጨምር። «በረመዳን መንገደኛ መጾም የለበትም» እንላለን። «በወር አበባ ላይ ያለች ሴት መጾም የለባትም» እንላለን። ዓረፍተ ነገሮቹ መንትያ ይመስላሉ። ሕጉ ግን ይለያያል። መንገደኛው ቢያፈጥር ተፈቅዶለታል፤ ልጹም ቢልም ይችላል። ሴቲቱ ግን በዚያ ጊዜ እንዳትጾም ታዛለች። ያልጾሙትን ቀን በኋላ ሁለቱም ይከፍላሉ። አንዱ ግዴታ መቅረት ነው፣ ሌላው ክልከላ ነው። ቋንቋችን ልዩነቱን አይናገርም፤ የሚያውቅ ሰው ነው የሚሞላው።

የሚገርመው አንዲት ቃል ብትጨመር ነገሩ ይስተካከላል። «መክፈል የለበትም» አሻሚ ነው። «የመክፈል ግዴታ የለበትም» ግን ጥርት ያለ ነው። የእድሩም ደንብ ከዚያ በኋላ «የመትከል ግዴታ የለባቸውም» ተብሎ ተስተካከለ።

«ሁሉም» ሲጨመር ደግሞ ጉዱ ይብሳል። «ሁሉም አባላት መክፈል የለባቸውም።» ማንም እንዳይከፍል? ማንም አይገደድም? ወይስ የሚከፍሉት የተወሰኑት ብቻ ናቸው? ሦስቱም ንባቦች ልክ ናቸው። ገንዘብ ያዡ ግን አንዱን መምረጥ አለበት።

«ይችላል»ስ?

እሱም ቀላል አይደለም። «ልጁ መዋኘት ይችላል» ችሎታ ነው። «ተከራይ እንግዳ ማሳደር ይችላል» ፈቃድ ነው። «ነገ ሊዘንብ ይችላል» ግምት ነው። «ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀል ይችላል» ደግሞ አራተኛ ነገር ነው፤ ሥልጣን መስጠት። የግዴታ ሎጂክ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። አራተኛውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ያልተከለከለ ሁሉ የተፈቀደ ነው» የሚባለው እውነት ነው?

«የተፈቀደ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ይወሰናል። ሁለት ዓይነት ፈቃድ አለ። አንዱ ደካማ ፈቃድ ነው፤ የሚከለክል ደንብ የለም ማለት ብቻ። ሌላው ጠንካራ ፈቃድ ነው፤ ደንብ አውጪው አስቦበት «ተፈቅዷል» ብሏል ማለት። በደካማው ትርጉም አባባሉ በራሱ እውነት ነው፤ «ያልተከለከለ አልተከለከለም» ከማለት አያልፍም። በጠንካራው ትርጉም ግን ብዙ ጊዜ ውሸት ነው።

ልዩነቱ በተግባር ይታያል። ጠንካራ ፈቃድ ካለህ ሌላው ሰው በኋላ ተነስቶ ሊከለክልህ ይቸግረዋል። ደካማ ፈቃድ ብቻ ከሆነ ግን ነገ አዲስ ደንብ ሊወጣብህ ይችላል። አርጀንቲናውያኑ የሕግ ፈላስፎች ካርሎስ አልቹሮንና ኤውጄኒዮ ቡሊጊን እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ሥራ ይህን በጥንቃቄ ተንትነዋል። ሕግ ክፍተት እንዳለውም ያሳዩት እንዲህ ባለው መንገድ ነው፦ ሊከሰቱ የሚችሉ ሁኔታዎችን ሁሉ ዘርዝር፤ ከዚያ ደንቡ ለየትኛው ሁኔታ መልስ እንደሌለው ፈልግ።

በወንጀል ጉዳይ ግን ሕግ ራሱ ክፍተቱን ለዜጋው አድልቶ ይዘጋዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 22 አንድ ሰው ድርጊቱን ሲፈጽም ወንጀል ተብሎ ባልተደነገገ ነገር ሊቀጣ እንደማይችል ይደነግጋል። እዚህ ላይ ያልተከለከለ ነገር ከመከልከል ባዶ ብቻ አይደለም፤ ጥበቃም አለው። የመንግሥት ሠራተኛ በሥልጣኑ ሲሠራ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሕጉ ያልሰጠውን ሥልጣን «ማን ከለከለኝ?» ብሎ ሊወስድ አይችልም። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ የቢሮ ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁለቱን መርሆዎች በማምታታት ነው። ባለጉዳዩን «የሚፈቅድ መመሪያ አምጣ» ይሉታል፤ ለራሳቸው ሲሆን «የሚከለክል መመሪያ የለም» ይላሉ።

ትእዛዝ እውነት ወይም ሐሰት አይሆንም። ታዲያ እንዴት ሎጂክ ይኖረዋል?

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ዴንማርካዊው ፈላስፋ ዮርገን ዮርገንሰን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ያነሳው ስለሆነ «የዮርገንሰን አጣብቂኝ» ይባላል። ሎጂክ እውነትን ከእውነት ማውጣት ነው ይባላል። ትእዛዝ ግን እውነትም ሐሰትም አይደለም። በሌላ በኩል «ቃልህን ሁሉ ጠብቅ፤ ይሄ ቃልህ ነው፤ ስለዚህ ይሄን ጠብቅ» የሚለው ሐሳብ ልክ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ ይህን ሳስብ «በሕግ አምላክ!» የሚለው ጥሪ ይመጣብኛል። ድሮ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ወይም አንዱ ሲሸሽ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ ቁም!» ካለ መቆም ግድ ነበር። ማንም «ውሸትህን ነው» ብሎ አይመልስም። ጥሪው ስለ ዓለም ምንም አልተናገረም። ግዴታ ነው የፈጠረው። ከዚያ በኋላ ግን በዳር የቆመ ሰው «እሱ እኮ መቆም ነበረበት» ይላል። ይህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ተጠርቶ ከነበር እውነት ነው።

ፎን ቭሪክትና ሌሎችም የሄዱበት አንዱ መውጫ ይሄው ነው። ደንብን ራሱንና ስለ ደንብ የሚነገረውን ዓረፍተ ነገር መለየት። ሎጂኩ ለሁለተኛው ነው ይላሉ። ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። ዴቪድ ማኪንሰንና ሌንደርት ቫን ደር ቶሬ እ.ኤ.አ. በ2000 ደንብን እንደ ማሽን እንየው አሉ። ሁኔታው በአንድ በኩል ይገባል፤ ግዴታው በሌላ በኩል ይወጣል። ማሽን እውነት ወይም ሐሰት ነው አይባልም፤ ምን እንደሚያወጣ ግን ማስላት ይቻላል።

የግዴታ ሎጂክ ሰዎች «መልካም ዓለም» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ቀመሮቹ ትርጉም የሚያገኙበት ሥዕል ነው። ሁሉም ሰው ደንቡን ያከበረበትን ዓለም በሐሳብህ አምጣ። እንደዚህ ያሉ ዓለማት ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። በሁሉም ውስጥ የሚደረግ ነገር ግዴታ ነው። ቢያንስ በአንዱ የሚደረግ የተፈቀደ ነው። በአንዱም የማይደረግ የተከለከለ ነው። ቢያንስ አንድ መልካም ዓለም መኖር አለበት፤ የፎን ቭሪክት «አንዱ በር ይከፈት» መርህ እዚህ ይገባል። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስቲግ ካንገር፣ በያኮ ሂንቲካና በሶል ክሪፕኪ ሥራዎች ተደራጀ። ዛሬ «መደበኛው የግዴታ ሎጂክ» የሚባለው በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ያምራል። ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ዴንማርካዊው የሕግ ሊቅ አልፍ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1941 የተናገረውን ተመልከቱ። «ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ማስገባት አለብህ።» ደብዳቤው በሚላክበት ዓለም ሁሉ «ይላካል ወይም ይቃጠላል» የሚለው እውነት ነው። ስለዚህ በሎጂኩ መሠረት «ደብዳቤውን መላክ ወይም ማቃጠል አለብህ» ይወጣል። ላኪው ይህን ቢሰማ ምን ይላል? «ወይም» የምትለዋ ቃል በፈቃድም ላይ እንዲሁ ታስቸግራለች። እናት ለእንግዳ «ሻይ ወይም ቡና መውሰድ ትችላለህ» ስትል ሁለቱንም ፈቅዳለች። መደበኛው ሎጂክ ግን ከዚህ ንግግር «ቡና መውሰድ ይችላል» የሚለውን አያወጣም።

ደንቡ አንዴ ከተጣሰ በኋላ ሎጂኩ ምን ይላል?

የዚህ ዘርፍ እምብርት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ደንብ የሚጻፈው ሊጣስ ስለሚችል ነው። የማይጣስ ከሆነማ ማን ይጽፈዋል?

አሜሪካዊው ፈላስፋ ሮደሪክ ቺዝም እ.ኤ.አ. በ1963 አራት ዓረፍተ ነገሮችን አቀረበ። በእኛ ቤት ቋንቋ ልንገራችሁ። አንደኛ፦ ሰውዬው ጎረቤቶቹን ሊረዳ መሄድ አለበት። ሁለተኛ፦ ከሄደ፣ እንደሚመጣ አስቀድሞ ሊነግራቸው ይገባል። ሦስተኛ፦ ካልሄደ፣ «እመጣለሁ» እንዳይላቸው። አራተኛ፦ አልሄደም።

በአራቱ ውስጥ ማንም ችግር አያይም። አንዱ ከሌላው ጋር አይጋጭም፤ አንዱም የሌላው ድግግሞሽ አይደለም። መደበኛው ሎጂክ ውስጥ ሲገቡ ግን ጉዱ ይፈላል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «መናገር አለበት» ይወጣል። ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ «አለመናገር አለበት» ይወጣል። ግጭት! «ከ...» የምትለውን ቃል በሌላ መንገድ ብንጽፋት ግጭቱ ይጠፋል። ያኔ ግን ከአራቱ አንዱ ከሌላው በቀጥታ የሚወጣ ትርፍ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። በየትኛውም በኩል ብትሄድ የሰውዬውን ትክክለኛ ሁኔታ አታገኘውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መልካሙ ዓለም ውስጥ ሰውዬው ሄዷል። እዚያ «ካልሄደስ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። እኛ ግን ያለነው የቀረበት ዓለም ውስጥ ነው። ከወደቅን በኋላም የተሻለና የባሰ አለ። ስለዚህ ዓለማትን መልካምና ክፉ ብሎ ለሁለት መክፈል አይበቃም፤ በደረጃ መደርደር ያስፈልጋል። ስዊድናዊው ቤንክት ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበው ይህን ነው። ግዴታን ለብቻው አንጻፍ፤ «በዚህ ሁኔታ ውስጥ ካሉት ዓለማት መካከል በተሻሉት ምን ይደረጋል?» ብለን እንጠይቅ። ሰውዬው ቀርቷል እንበል። ከቀረባቸው ዓለማት የተሻለው ቢያንስ በከንቱ ያላስጠበቃቸው ነው።

አሁን ወደ እድር እንመለስ። «አባል ቀብር ላይ መገኘት አለበት። ያልተገኘ ቅጣት ይከፍላል።» ብሩ የማይቸግረው ሰው «ከፍያለሁ፣ ከዚያ በላይ ምን ትሉኛላችሁ?» ይላል። ደንቡን «ወይ ተገኝ፣ ወይ ክፈል» ብሎ አንብቦታል። በዚያ ንባብ ሁለቱ ምርጫዎች እኩል ናቸው፤ ከፋዩም እንደተገኘው አባል ንጹሕ ነው። የደንቡ ንባብ ግን ሌላ ነው፦ «ተገኝ። ከቀረህ ደግሞ ክፈል።» በዚህኛው ከፋዩ ሁለተኛውን ግዴታ ተወጥቷል፤ የመጀመሪያውን ግን አጓድሏል። ከፍሎም ባለዕዳ ነው። በአፍ ስንናገራቸው ሁለቱ ይመሳሰላሉ። የማኅበር ሕይወት ግን በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ላይ የቆመ ነው። ቅጣት ዋጋ ሲሆን ለቀስተኛው ብሩን ታቅፎ ብቻውን ይቀራል።

ጄምስ ፎረስተር እ.ኤ.አ. በ1984 ይህንኑ ችግር አጠበቀው። «መግደል ክልክል ነው። ከገደልክ ግን ሳታሰቃይ ግደል።» ሳያሰቃዩ መግደልም መግደል ነው። አንድ ሰው ገድሎ ከሆነ፣ መደበኛው ሎጂክ «መግደል ነበረበት» የሚል አስፈሪ መደምደሚያ ላይ ይወስደናል።

ሁለት ግዴታዎች ቢጋጩስ?

መደበኛው ሎጂክ «አይጋጩም» ይላል። ቢጋጩ ደግሞ ከዚያ ውስጥ የፈለግከው ነገር ሁሉ ግዴታ ሆኖ ይወጣል። ይህ ለሰው ልጅ ኑሮ አይሆንም። ልጇን ሐኪም ቤት ልታደርስ ቃል የገባች እናት በዚያው ሰዓት የእናቷ ሕመም ቢጠራት ሁለት እውነተኛ ግዴታ አለባት። አንዱን ብትመርጥም ሌላው አይጠፋም፤ ይቅርታ የምትጠይቀውም ለዚህ ነው።

ሕግ ለግጭት የቆዩ መፍቻዎች አሉት። የበላይ ሕግ የበታቹን ያሸንፋል፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ከእሱ ጋር የሚቃረን ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራርም ሆነ የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት የለውም የሚለው በዚህ መርህ ነው። አዲሱ አሮጌውን፣ ልዩው አጠቃላዩን ያሸንፋል የሚሉትም አሉ። ዛሬ ብዙ የሎጂክ ሰዎች እነዚህን መፍቻዎች በቀመር ያስገባሉ። በዚህ ዓይነት ሎጂክ አዲስ መረጃ ሲመጣ የቀድሞው መደምደሚያ ሊነሳ ይችላል።

መብትስ የት ገባ?

አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ዌስሊ ሆፌልድ እ.ኤ.አ. በ1913 «መብት» የምንለው ቃል ቢያንስ አራት ነገር አዝሎ እንደሚዞር አሳየ። የመጀመሪያው ከሌላ ሰው የምንጠብቀው ነገር ነው፤ አንዱ ሲኖረው ሌላው ግዴታ አለበት። ሁለተኛው ነፃነት ነው። ሦስተኛው ሥልጣን ነው፤ ቅድም ያቆየሁት የፍርድ ቤቱ «ይችላል» እዚህ ነው። ውል መዋዋል፣ መናዘዝ፣ መወከል ሁሉ የሌሎችን ግዴታ የሚለውጡ ሥልጣኖች ናቸው። አራተኛው ከሌላው ሥልጣን መጠበቅ ነው።

አማርኛ የመጀመሪያውን በአንድ ግስ ይዞታል። «ደመወዝ ይገባዋል» ስንል መብቱን ነው። «መክፈል ይገባዋል» ስንል ግዴታውን ነው። ያው «ይገባዋል» ነው። ከስም ጋር ሲሄድ ወደ ሰውዬው የሚመጣ ነገር ይሆናል፤ ከ«መክፈል» ጋር ሲሄድ ከእሱ የሚወጣ። ሆፌልድ በሠንጠረዥ ያስቀመጠውን ዝምድና ቋንቋችን በግስ ውስጥ አኑሮታል። ይህን ሳየው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ኮምፒውተር ሕግ ሊያነብ ይችላል?

በከፊል። እ.ኤ.አ. በ1986 ማሬክ ሰርጎት፣ ሮበርት ኮዋልስኪና ባልደረቦቻቸው በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የእንግሊዝን የ1981 የዜግነት ሕግ ፕሮሎግ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ጽፈው አሳተሙ። ስለ አንድ ሰው መረጃ ስትሰጠው ዜጋ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ከነምክንያቱ ይመልሳል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ያ ሕግ በአብዛኛው ትርጓሜ ነው፤ «ዜጋ ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው» ይላል። «አለበት» እና «ተከልክሏል» እምብዛም የሉትም። ለዚህም ነው ያለ ግዴታ ሎጂክ የሠራው። መጣስና ቅጣት ያለበት ሕግ ሲመጣ የቺዝም ጣጣ ተከትሎ ይመጣል።

ከግዴታ ሎጂክ ወደ ኮምፒውተር ዓለም የተሻገረ ሌላ ፍሬም አለ። አልቹሮን ሕግ መሻር እንዴት ይሠራል ብሎ ይጨነቅ ነበር። አንድን አንቀጽ ሰረዝክ እንበል። የቀሩት አንቀጾች ተደምረው ያንኑ ሐሳብ ቢሰጡስ? ያኔ ሌላም መሰረዝ አለብህ፤ የቱን እንደምትሰርዝ ግን ሎጂክ ብቻውን አይነግርህም። ከማኪንሰንና ከስዊድናዊው ፔተር ጌርደንፎርስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመው ሥራ ዛሬ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የሚያጠኑት የእምነት ማሻሻያ ንድፈ ሐሳብ (አዲስ ነገር ስናውቅ የቀድሞ እምነታችንን እንዴት እንደምናስተካክል የሚያጠናው) መሠረት ሆነ። መነሻው የተሻረ አንቀጽ ነው።

የማኅበራችንን ደንብ ልጽፍ ነው። ምን ላድርግ?

ቀመር አያስፈልግም። እርሳስ ይበቃል። «የለበትም» ያለበትን ቦታ ሁሉ አስምርበት። ክልከላ ከሆነ «የተከለከለ ነው» ወይም «አይፈቀድም» በለው። ዕረፍት ከሆነ «ግዴታ የለበትም» ወይም «አይገደድም» በለው። «ይችላል» ስትል ፈቃድ ነው ወይስ ሥልጣን ብለህ ጠይቅ፤ ሥልጣን ከሆነ ማን ላይ እንደሆነ ጻፍ። «ሁሉም» እና አሉታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከተገናኙ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ቁረጠው። ከእያንዳንዱ ግዴታ ሥር «ባይደረግስ?» የሚል ጥያቄ አስቀምጥ። ቅጣት ከጻፍክ ደግሞ ቅጣቱን መክፈል ዋናውን ግዴታ እንደማያስቀር በአንድ መስመር ተናገር።

ከዚያ ረቂቁን ስብሰባው ላይ ያልነበረ ሰው ያንብበው። የሐሳባችሁን ደግነት የማያውቅ፣ ያለው ወረቀቱ ብቻ የሆነ ሰው። ድንኳኑ ጋ ቆሞ ለአዛውንቱ ደንቡን የሚያነብላቸው እሱ ነው።